ሞተሪኖው ከመወቀሱ በፊት

(ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ማስነሻ ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ውፍረቱም የጎልማሳ ክንድ ያህል ነው። ከሞተር ሳይክሉ ሞተር ጎን ተጣብቆ ይኖራል። ነጂው በመክፈቻው ከፍቶ በቀኝ እጁ በኩል ያለችውን የማስነሻ ቁልፍ በአውራ ጣቱ ሲጫን፣ ያ ትንሽ ዕቃ ይሽከረከርና ትልቁን ሞተር ያስነሣዋል። መካኒኮች ሞተሪኖ ይሉታል። ሞተሪኖ በጣሊያንኛ ትንሽ ሞተር ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ብዙ ስሞች፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ "ይህስ የተማረ ሰው ነገር ነው" ብላችሁ አትሽሹ። ሞፈርን፣ ወገልን፣ ድግርን ለይቶ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ለይቶ ማወቅ አያቅተውም።

"ለገበሬ ሞተር ሳይክል ምኑ ነው?" የሚል አይጠፋም። ምኑ እንደሆነ እንንገራችሁ። ከወረዳ ከተማ እስከ መንደራችሁ ድረስ የእንስሳት ጤና ባለሙያው በምን ይመጣል? ብዙውን ጊዜ በሞተር ሳይክል ነው። የከብት ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጎ ከኋላው አስሮ ይመጣል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። እንግዲህ ባለሙያው መንገድ ላይ አረፍ ብሎ ሲመለስ ሞተሩ አልነሣም ቢለው፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ በረዶው ይቀልጣል። አመሻሽ ላይ ደርሶ ቢወጋላችሁም መድኃኒቱ ከውሃ አይሻልም። እናንተ "ከብቶቼ ተከትበዋል" ብላችሁ ትተኛላችሁ፤ በሽታው ግን ሲመጣ አይምራቸውም። ከዚህም ሌላ፣ በአሁኑ ጊዜ ሞተር ሳይክል የገበሬው ልጅ የራሱ ንብረት እየሆነ መጥቷል። ሰው ያደርሳል፣ ማዳበሪያ ይጭናል፣ ምጥ የያዛት እናት ስትኖር አዋላጅ ያመጣል።

ወደ ገጠር የሚደርሰው ሞተር ሳይክል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነድቶ ያስረጀው ነው። አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ቶሎ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ማስነሻው ነው።

"በእግራችን ረግጠን እናስነሣው የለም እንዴ?" ትሉ ይሆናል። መርገጫ ላለው እውነት ነው። ለምሳሌ ያማሃ ኤጂ 200 የሚባለው፣ ለገጠር ሥራ ተብሎ የተሠራው፣ ሞተሪኖም መርገጫም አለው። ነገር ግን ጭራሽ መርገጫ የሌላቸው አሉ። መርገጫ ኖሮትም ባትሪው ሲሞት እሳት የማይሰጥ አለ። ጉልበቱን የሚያመው ነጂም አለ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ መርገጥም ለማንም አይመችም።

ትንሽ ታሪክ እናክልበት። የመኪናን የኤሌክትሪክ ማስነሻ የሠራው ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1911። በ1912 ካዲላክ በሚባለው መኪና ላይ ለገበያ ዋለ። ከዚያ በፊት መኪና የሚነሣው ከፊቱ በሚገባ ብረት በእጅ እየተዞረ ነበር። ብረቱ በድንገት ወደ ኋላ ሲመልስ የስንቱን ክንድ ሰብሯል። በ1914 ደግሞ ኢንዲያን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ማስነሻን በሞተር ሳይክል ላይ አደረገ። አልሆነለትም። ለምን ቢባል፣ የዚያን ዘመን ባትሪ ደካማ ስለነበረ ቶሎ ቶሎ እየሞተ አስቸገረ። ጃፓኖች በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ነገሩን አሻሽለው እስኪያለምዱት ድረስ፣ አብዛኛው ሞተር ሳይክል ነጂ መርገጫውን ሲረግጥ ኖረ። ይህን ያነሣነው ለወሬ ማሟያ አይደለም። ያን ጊዜ ማስነሻውን ያስጣለው ባትሪው ነበር። ዛሬም በየመንደሩ "ሞተሪኖው ሞተ" ሲባል፣ ብዙ ጊዜ የሞተው ሌላ ነው።

ነገሩን በምናውቀው እንመስለው። ባትሪው በሬ ነው። ወፍራሞቹ ሽቦዎች ቀንበርና ሞፈር ናቸው። ሞተሪኖው ማረሻው ነው። ማረሻው መሬቱን አልቆርጥ ሲል ብልህ ገበሬ ማረሻውን አውጥቶ አይጥልም። መጀመሪያ በሬውን ያያል፤ በልቷል ወይስ አልበላም? ቀጥሎ ምራኑን ያያል፤ ጠብቋል ወይስ ላልቷል? ምራኑ ከላላ በሬው ቢጎትትም ጉልበቱ ማረሻው ዘንድ አይደርስም። ማረሻውን ፈትቶ የሚያየው በመጨረሻ ነው። የእኛም ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ባትሪው፣ ማያያዣው፣ ሪሌው፣ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይያዝልን። ኤሌክትሪክን እንደ መስኖ ውሃ አድርጋችሁ አስቡት። ቮልት የሚባለው ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ነው። አምፔር የሚባለው በቦዩ የሚያልፈው የውሃ ብዛት ነው። የሞተር ሳይክል የፊት መብራት የሚወስደው 3 አምፔር ያህል ነው። ሞተሪኖው ግን በሚመታባት ቅጽበት 50 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ደለል የሞላው ቦይ ለጓሮ ጎመን የሚሆን ውሃ ያደርሳል፤ ለእርሻ የሚሆን ግን አያደርስም። እንግዲህ "መብራቱ ይበራል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው" የሚለው አነጋገር ስንቱን አሳስቷል መሰላችሁ! መብራት ማብራት ሌላ፣ ሞተሪኖ ማዞር ሌላ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሥራው የሚጀመረው በካቻቢቴ ሳይሆን በጆሮ ነው። ቁልፏን ተጫኑና አዳምጡ።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ገና ሞተሪኖው ዘንድ አልደረስንም። ማርሹ ፎሌ ላይ ነው? ቀዩ ማጥፊያ ተዘግቶ ይሆን? የጎን ማቆሚያው ወርዶ ይሆን? ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ማርሽ ላይ እያሉ እንዳይነሡ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና። ከዚያ ፊውዙን እዩ። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪክ ሲበዛበት ራሱ ተቃጥሎ ሌላውን የሚያድን ቀጭን ሽቦ ነው። ሲቃጠል በሌላ ፊውዝ እንጂ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀትና በሚስማር አይተካም፤ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው።

"ጠ-ጠ-ጠ-ጠ" እያለ በፍጥነት የሚያንኳኳ ከሆነ በሬው ተርቧል፣ ወይም ምራኑ ላልቷል። አንድ ጊዜ "ጧ" ብሎ ዝም ካለ፣ ጥፋቱ በሪሌው ወይም በሞተሪኖው ወገን ሊሆን ይችላል፤ ባትሪውም ገና ነጻ አልወጣም። ሞተሪኖው "ዝዝዝ" እያለ ብቻውን ሲሽከረከር ትልቁ ሞተር ካልተንቀሳቀሰ፣ ሞተሪኖው ጤነኛ ነው። የተበላው ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ጥርስ ወይም ባንድ ወገን ብቻ የሚይዘው ማያያዣ ነው። ያ ደግሞ የሞተሩን ሆድ መክፈት ስለሚጠይቅ የጋራዥ ሥራ ነው።

ቴስተር የሌለው ሰው በምን ይለካል? የፊት መብራቱን ያብራና ቁልፏን ይጫን። መብራቱ ወዲያው ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ማያያዣው ቆሽሿል። መብራቱ ምንም ሳይለወጥ ቦግ ብሎ ከቀረና ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው አልገባም፤ በመንገድ የተቋረጠ ነገር አለ። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ፣ ጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ማሳየት አለበት። 12 ብቻ ካሳየ "ባለ 12 ነው፣ 12 አለው" ተብሎ አይታለፍም። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ማስነሻው ሲመታ ንባቡ ከ10 ብዙ ዝቅ ካለ ባትሪው ጉልበት የለውም። ሞተሩ ተነሥቶ ቤንዚን ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ ደግሞ በሬው መኖ አያገኝም፤ ጥፋቱ ከሚሞላው ክፍል ነው። ያን ሳያስተካክሉ አዲስ ባትሪ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈታችሁ አጽዱት። ስትፈቱ አስቀድማችሁ ኔጋቲቩን፣ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ፍቱ። ምክንያት አለው። የሞተር ሳይክሉ ብረት በሙሉ ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። አስቀድማችሁ የመደመር ምልክቱን ስትፈቱ ቁልፋችሁ ብረቱን ቢነካ፣ ብልጭታ ተፈጥሮ እጃችሁን ያቃጥላል። ስትመልሱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። ሻጋታውን በሙቅ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፤ አድርቁት፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጉት፤ አጥብቃችሁ እሰሩና ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀቡት። የሽቦውን ሌላ ጫፍም አትርሱ። ኔጋቲቩ ከሞተሩ ወይም ከብረቱ ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ጭቃና ዝገት የሚወደው ሥፍራ ነው። ሰው ከላይ ያለውን አጽድቶ የታችኛውን ይተዋል።

የሚሞላ ባትሪ ከሆነ ውሃው ከታችኛው መስመር በታች እንዳይሆን እዩ። የሚጨመርበት ለባትሪ ተብሎ የተጣራ ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ ጨውና ማዕድን ስላለበት ባትሪውን ይገድለዋል። ውስጡ ያለው አሲድ ዓይንና ጨርቅ ይበላል፤ ዓይን ከነካ ሳትዘገዩ በብዙ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ስለሚወጣው አጠገቡ ሲጋራ አይጨስም፣ ኩራዝም አይቀርብም።

ያየነውን አንድ ነገር እዚህ ላይ እናጫውታችሁ። በአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው የገዙት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበራቸው። ማስነሻው ሲያቆም ከተማ ወስደው ለአንድ መካኒክ አሳዩት። እሱም ሳይፈታ "ሞተሪኖው ሞቷል፤ አዲስ ግዙ" አላቸው። የተጠየቀው ገንዘብ የአንዲት ጊደር ዋጋ ነበር። ስብሰባ ተጠራ። ግማሹ "ጨርሶ እንሽጠው፤ ዕዳ ሆነብን" አለ። ግማሹ "ገና መዋጮውን ከፍለን ሳንጨርስ?" ብሎ ተቆጣ። ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል አንዲት እናት ተነሥተው "ለመሆኑ ሬሳውን ያየ አለ? ሬሳ ሳናይ ልቅሶ ልንቀመጥ ነው?" አሉ። ሳቅ ሆነ። በማግሥቱ ሞተሪኖው ተፈትቶ በጆንያ ላይ ተዘረጋ። ከሁለቱ ካርቦኖች አንዱ አልቆ መዳቡን መንካት ትቶ ነበር። የሁለት ካርቦን ዋጋ ጊደር ቀርቶ ከአንድ ዶሮ አልበለጠም። እኛ መካኒኩን ሌባ አንልም። ፈትቶ ከማየት አዲስ መግጠም ስለሚፈጥን ብዙ ባለሙያ እንዲህ ያደርጋል። ግን ገንዘቡ የእሱ አይደለም፤ የገበሬው ነው። ስለዚህ "ፍታውና አሳየኝ" ማለት ነውር አይደለም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ባትሪው ሙሉ፣ ማያያዣውም ንጹሕ ሆኖ ሞተሪኖው አሁንም ካልመታ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሪሌው ነው። ባትሪው አጠገብ ሁለት ወፍራም ሽቦ የገባበት ትንሽ ዕቃ ፈልጉ። የማስነሻ ቁልፏ ቀጭን ሽቦ ስላላት ያን ሁሉ አምፔር መሸከም አትችልም። እሷ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ በሩን የሚከፍተው ሪሌው ነው። ለመፈተን ማርሹን ፎሌ አድርጉ፤ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ነገር አለመኖሩን እዩ፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ከዚያ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ሁለቱን ወፍራም ራሶች ለአንድ አፍታ አገናኙ። ብልጭ ይላል፤ አትደንግጡ። ሞተሪኖው ከዞረ ጥፋቱ በሪሌው ወይም ትእዛዙን በሚያመጣው ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሞተሪኖው ነጻ ወጣ። ካልዞረ፣ እንግዲህ ማረሻውን የምንፈታበት ጊዜ ደረሰ።

ኔጋቲቩን ፍቱ። ሞተሪኖው ላይ ያለውን ወፍራም ሽቦ ከነጎማ ቆቡ አውጡ። ከሞተሩ ጋር የያዙትን ቡሎኖች፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፣ ፍቱና ወደ ጎን እያወዛወዛችሁ ሳቡት። በመዶሻ አትምቱት። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሪኖዎች ቅል ውስጥ ማግኔት ተለጥፏል፤ ማግኔቱ እንደ ሸክላ ስለሆነ ሲመታ ይሰነጠቃል። ከመክፈታችሁ በፊት ክዳኖቹና ቅሉ የሚገናኙበትን ቦታ በሚስማር ጫር አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ፤ ስትመልሱ ጭረቱ ከጭረቱ ይገጥማል። ከዚያ ረጃጅሞቹን ቡሎኖች ፍቱ። ዘንጉ ላይ እንደ ቀለበት ያሉ ስስ ብረቶች ይኖራሉ። የስንቱን ጥገና የሚያበላሹት እነሱ ናቸው። ከየትኛው ወገን ስንት እንደወጣ ቆጥራችሁ፣ በወጡበት ተራ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድሩ። መጻፍ ስላወቃችሁ ደግሞ በወረቀት ጻፉት፤ "በግራ 2፣ በቀኝ 3" ብሎ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም። የሚዞረውን ክፍል ስታወጡና ስትመልሱ ማግኔቱ በኃይል ስለሚስበው ጣታችሁን እንዳይቆነጥጥ ተጠንቀቁ።

ካርቦን የምንለው ምንድን ነው? የምትጽፉበትን እርሳስ ተመልከቱ። ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር የካርቦን ወገን ነው። እርሳስ ወረቀት ላይ እየተፋገ እንደሚያልቅ ሁሉ፣ የሞተሪኖ ካርቦንም በሚዞረው የመዳብ ቀለበት ላይ እየተፋገ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሲውል ሲያድር ያልቃል። ማለቁ በሽታ አይደለም፤ ሥራው ነው። ከኋላው ሞላ ይገፋዋል። ካርቦኑ ሲያጥር ሞላው መግፋት ያቅተዋል፣ ግንኙነቱም ይቋረጣል። ሞተሪኖ በካቻቢቴ እጀታ ኳ ሲደረግ አንዳንዴ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ ካርቦኑ ለጊዜው ስለሚነካ። በቀስታ ኳ ማድረግ ቤት ለመግባት ያህል ይረዳል፤ ጥገና ግን አይደለም። አዲሱ ካርቦን በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሪኖዎች ወደ 10 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። ግማሹ ካለቀ መለወጥ ነው። ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ፤ አንዱን ብቻ መለወጥ አንዱን ወይፈን ከሽማግሌ በሬ ጋር መጥመድ ይሆናል። አዲሱ በቤቱ ውስጥ ያለ ችግር ወጣ ገባ ማለት አለበት። ልኩ ከጠፋ ወፈር ያለውን በቀጭን ሞረድ ሞርዶ ማስገባት ይቻላል። ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ዘንግ እንጠቀም የሚል አለ፤ አይሆንም። የሞተሪኖ ካርቦን መዳብ የተቀላቀለበት ነው፤ ያኛው ያን ሁሉ አምፔር አይችልም። የካርቦኑ ሽቦ በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ለገበያ ቀን ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት፤ መበየጃው አለው።

የመዳብ ቀለበቱ ከጠቆረ በጣም በደቀቀ፣ 600 ቁጥር በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እኩል አጽዱት። ቀለበቱ በስስ መስመሮች የተከፋፈለ ነው። መስመሮቹ ውስጥ የካርቦን ዱቄት ሲሞላ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ይስታል። በሹል እንጨት ወይም በተሰበረ የመጋዝ ጥርስ ጥረጉት። መስመሩ ከመዳቡ ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ለፈተናው ደግሞ ከእጅ ባትሪ አንድ አምፖል፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ በቂ ነው። አንዱን ሽቦ በመዳቡ ቁራሽ ላይ፣ ሌላውን በዘንጉ ብረት ላይ ያዙ። አምፖሉ መብራት የለበትም። ከበራ የውስጡ ሽቦ ልባሱ ተቃጥሏል፤ ያ ሞተሪኖ በእውነት ታሟል። ጎን ለጎን ባሉት የመዳብ ቁራሾች መካከል ስትይዙት ግን በሁሉም መብራት አለበት። አንዱ ላይ ከጨለመ ሽቦው ተበጥሷል። በመጨረሻ ወፍራሙ ሽቦ የሚታሰርበትን ቡሎንና ክዳኑን ያዙ፤ እዚህም መብራት የለበትም፤ ቡሎኑ ከክዳኑ የሚለየው በፕላስቲክ ወይም በፋይበር ነው። የተቃጠለ ሽቦ ሽታው ራሱ ይናገራል። የሚጠቀልል ባለሙያ ቢገኝም፣ ለትንሽ ሞተሪኖ ብዙ ጊዜ ሌላ ያገለገለ ፈልጎ መግጠሙ ይረክሳል።

ዘንጉ የሚዞርባቸውን ሁለት ጫፎች በጥቂት ግሪስ አብሱ። ጥቂት ብለናል! ግሪስ የመዳቡን ቀለበት ከነካ ካርቦኑን ያበላሸዋል። የተቆረጠ ወይም የጠነከረ የጎማ ቀለበት ካለ ለውጡ፤ የሞተሩ ዘይት በዚያ ይገባልና። ስትገጥሙ ካርቦኖቹን በቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ ያዙአቸው፤ የሚዞረው ክፍል ከገባ በኋላ ሽቦውን ሳቡት። ቀለበቶቹን በወረቀታችሁ መሠረት መልሱ፣ ጭረቱን ከጭረቱ አግጥሙ።

ወደ ሞተር ሳይክሉ ከመመለሳችሁ በፊት ሞክሩት። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሞርሳ አስይዙት፤ ሞርሳ ከሌለ ጠንካራ ሰው በጫማው ይርገጠው፤ ሲነሣ እንደ ጥጃ ይፈናጠራል። ወፍራም ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሪኖው ቅል፣ ሌላ ወፍራም ሽቦ ከፖዚቲቭ ወደ ቡሎኑ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ። ሳይንገዳገድ ቢዞር ሥራችሁ ሠመረ።

አንዳንድ ጠጋኝ ለማሳመር ብሎ ሞተሪኖውን ቀለም ይቀባዋል። ያምራል፤ ግን ላይመታ ይችላል። ሞተሪኖው ኔጋቲቩን የሚያገኘው ከሞተሩ ጋር በሚነካካበት ብረት ስለሆነ፣ ያ ቦታ ባዶ ብረት መሆን አለበት። ቀለምና ዝገቱን ፈግፍጋችሁ ግጠሙ። ቡሎኖቹ የሚገቡት አልሙኒየም ውስጥ ስለሆነ በትልቅ ቁልፍ ታግላችሁ ጥርሱን አትብሉት። ከተነሣላችሁም በኋላ ቁልፏን በአንድ ጊዜ ከ5 ሴኮንድ በላይ አትጫኑ። ካልተነሣ እረፍት ስጡት፣ ከዚያ ድገሙ። ሦስት አራት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ነገሩ ከካንዴላው ወይም ከቤንዚኑ ነው።

ይህን በተናገርንበት ቦታ ሁሉ ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንድ አባት "በመኪና ባትሪ ብናስነሣውስ?" ብለዋል። ይቻላል፤ መኪናውም ባለ 12 ቮልት ከሆነና ሞተሩ ከጠፋ። ብዙ የጭነት መኪናዎች ባለ 24 ቮልት ስለሆኑ ጠይቃችሁ እንጂ ዝም ብላችሁ አታገናኙ። ገፍቶ ማስነሣትስ? የመርገጫውን ያህል ይሠራል፤ ሁለተኛ ማርሽ ይሻላል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ እንደሚይዝ አስቀድማችሁ እዩ።

ሌላው ጥያቄ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ሁለት ወር ስለሚቆም ሞተር ሳይክል ነበር። ኔጋቲቩን ፈትታችሁ አቁሙት፤ ባትሪው በየወሩ ቢሞላ ይመረጣል። ጎተራ ሥር የሚቆም ከሆነ አይጥ የሽቦ ልባስ ትበላለች። መስከረም ላይ ከማስነሣታችሁ በፊት መቀመጫውን አንሥታችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ።